ከላይ ሆና ታየኝ የነበረችው ልጅ

ይህን የምጽፈው በልጅነታቸው ባደጉበት ቤት ለተደበደቡ፣ አሁን አድገው፣ ሥራ ይዘው፣ «ተመስገን ደህና ነኝ» እያሉ ለሚኖሩ፣ ነገር ግን ሰው መሀል ቁጭ ብለው ድንገት ከራሳቸው ለሚጠፉ ሰዎች ነው። ድካም የሚያመጣውን መፍዘዝ አይደለም የማወራው። የገዛ እጃችሁን እያያችሁ የማን እጅ እንደሆነ ግራ ሲገባችሁ፣ አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ድምፅ ከሩቅ ሲሰማችሁ፣ ሰዓቱ የት እንደገባ ሳታውቁት ሲመሽባችሁ ማለቴ ነው። ይህ የሚደርስባችሁ ከሆነ አላበዳችሁም። እኔ ማበዴ ነው ብዬ ብዙ ዓመት ደብቄው ኖሬያለሁ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ከጓደኛዬ ጋር በተከራየናት ሱቅ ዩኒፎርምና የሐበሻ ቀሚስ እንሰፋለን። አንድ ቀን ነጭ ቀሚስ ላይ አረንጓዴ ጥለት እየገጠምኩ ሳለ ጨርቁ ላይ ቀይ ነገር አየሁ። «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» ብዬ መስፋቴን ቀጠልኩ። ማሽኑን ያቆምኩት ጓደኛዬ ስትጮህ ነው፤ መርፌው የግራ እጄን ሌባ ጣት ጥፍሩ ላይ በስቶት አልፏል። አላመመኝም። ጣቱ የእኔ መሆኑን ራሱ እርግጠኛ አልነበርኩም። መጀመሪያ ያሳሰበኝ የደንበኛዋ ቀሚስ መበላሸቱ ነበር።

ታክሲ ውስጥም እንደዚሁ ነበርኩ። ከመገናኛ ተሳፍሬ ጣፎ መውረድ ሲገባኝ ለገጣፎ ራሴን አገኘዋለሁ። ረዳቱ «እህት፣ መጨረሻ ነው» ሲለኝ ሒሳብ መክፈሌን አላስታውስም፤ መልሱ ግን እጄ ውስጥ ነው። ሰው ሲያየኝ ጭንቅንቅ የምል አልነበርኩም። እንዲያውም «ረጋ ያለች» የሚል ስም ነበረኝ። ይህን ስም የተሸከማችሁ ካላችሁ እርጋታችሁን አንድ ጊዜ መርምሩት። የእኔ እርጋታ አለመኖር ነበር።

ያደግኩት አሸዋ ሜዳ ነው፤ አስኮን አልፎ ወደ ቡራዩ በሚወስደው መንገድ። ያኔ ሰፈሩ ግማሹ ባሕር ዛፍ፣ ግማሹ አዲስ የጭቃ ቤት ነበር፤ ማታ ጅብ ይጮሃል። እናቴ ስታርፍ አጎቴ «ከተማ ወስጄ ላስተምራት» ብሎ ከገጠር አመጣኝ። ሾፌር ስለነበር አብዛኛውን ጊዜ ክፍለ ሀገር ነው። ሚስቱን «እትዬ» እንድላት ተነገረኝ፤ የእሷ ልጆች «እማ» ይሏታል። ጠዋት ቦኖ ወርጄ ውሃ እቀዳለሁ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ቤት። አጎቴ ሲመጣ ሁላችንም አዲስ ልብስ እንለብሳለን።

የተደረገብኝን በዝርዝር አልጽፍም። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሳነብ ዝርዝሩ ራሱ ጭልጥ አድርጎ ይወስደኝ ስለነበር እናንተን እንዲወስዳችሁ አልፈልግም። ገመድ ነበር፤ ጠጠር ላይ መንበርከክ ነበር። የባሰው በርበሬው ነው። ማድቤት ውስጥ ፍም ላይ በርበሬ ተበትኖ በሩ ከውጭ ይቆለፍብኛል። የማድቤቱ ጣሪያ ከሌላ ቤት የተነቀለ አሮጌ ቆርቆሮ ስለነበር ምስማር የነበረበት ቦታ ሁሉ ቀዳዳ ነው። ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ በየቀዳዳው ቀጥ ብሎ ጭሱ ውስጥ ይወርዳል። በአንደኛው ቀዳዳ ወጣሁ። ሌላ አነጋገር የለኝም፤ ወጣሁ። ከላይ ሆኜ አንዲት ልጅ ቀሚሷን አፏ ላይ ጠቅጥቃ መሬት ስትቧጥጥ አየሁ፤ አዘንኩላትም። ሳሏ ይሰማኛል፤ ጉሮሮዬን ግን አላቃጠለኝም።

ከዚያ ወዲያ መንገዱን አወቅሁት። መጀመሪያ በርበሬ ሲሆን ብቻ ነበር የምወጣው፤ በኋላ ገመዱ ከተሰቀለበት ሲወርድ፤ ቀጥሎ የእትዬ ጫማ ድምፅ ሲሰማ፤ በመጨረሻ ክፍል ውስጥ መምህሩ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ። ልጅ ሆኜ በፈለግኩት ጊዜ የምወጣ ይመስለኝ ነበር። ካደግኩ በኋላ ግን መውጣቱ እኔን መጠየቅ አቆመ። መርፌ እጄ ላይ እያለ፣ መንገድ እየተሻገርኩ፣ ልጄን እያጠብኩ ይወስደኛል።

ትምህርት ቤት ተዝለፍልፌ መውደቅ ስጀምር «ዓይነ ጥላ ነው» ተባለና እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ተወሰድኩ። ስለ ጠበሉ ክፉ አልናገርም። በዚያ ዓመት እንቅልፍ የጠገብኩት እዚያ ነው፤ እትዬ አልነበረችማ! ስጠመቅ ከጮህኩ «ለቀቃት» ይባላል፣ ቤት ስመለስ ተመልሶ ይመጣል። ምን እንደሚመልሰው የጠየቀ አልነበረም። ዛሬም ጠበል እሄዳለሁ፤ የሥነ ልቦና ባለሙያዬም ታውቃለች፣ አትከለክለኝም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ባለው የበሽታዎች መዝገቡ ሰው ሌላ ነገር እንደያዘው ሆኖ ራሱን የሚስትበትን ሁኔታ እንደ እኔው ከራስ ከመጥፋት ሕመሞች ወገን መድቦታል። ነገር ግን በሽታ የሚለው ሰውየው ሳይፈልገው ሲመጣበት፣ ኑሮውን ሲያውክበት፣ ሕዝቡም እንደ ወግና ሃይማኖት ከሚቀበለው ውጭ ሲሆን ነው። ይህን ስሰማ ቀለል አለኝ። ሃይማኖቴን ከሕክምናዬ ጋር ማጣላት እንደሌለብኝ ገባኝ።

ካደግኩ በኋላ ደግሞ የሚጥል በሽታ ነው ተባለና መድኃኒት ታዘዘልኝ። ሐኪሙም ይህን ቢጠረጥር አይፈረድበትም፤ ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። በእኔ ግን መውደቁ ረዘም ይላል፣ ዓይኔ ይጨፈናል፣ ሁልጊዜም ቁጣ ወይም ጭስ ካለበት ቦታ አይርቅም። ኢኢጂ በሚባለው የአንጎል ሞገድ ምርመራም የሚጥል በሽታ ምልክት አልታየም። ብቻ እዚህ ላይ ጥንቃቄ አድርጉልኝ። ምርመራው ንጹሕ ሆኖ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው አለ፤ ሁለቱም ያሉበትም አለ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ ከባድ መንቀጥቀጥ ሊያስነሳ ስለሚችል የእኔን ታሪክ አንብባችሁ ክኒናችሁን እንዳትጥሉ። እኔ ያቆምኩት ሐኪም ቀስ በቀስ እየቀነሰልኝ ነው።

የዚህን ከራስ የመጥፋት ነገር ስም የነገረችኝ የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ናት፤ ዲሶሲዬሽን። አእምሮ መሸሽም መታገልም የማይቻልበት መከራ ሲገጥመው ስሜትን፣ ትዝታንና አካልን አንዱን ከሌላው ይነጣጥላል አለችኝ። «ቤት ውስጥ መብራት ከአቅም በላይ ሲሆን ቆጣሪው ራሱን ያጠፋ የለ? ቤቱ እንዳይቃጠል ነው። ያንቺም ቆጣሪ ልክ ነበር የሠራው፤ ችግሩ አሁን አምፖል ባበራሽ ቁጥር መጥፋቱ ነው።» ፒየር ዣኔ የተባለ ፈረንሳዊ ይህን ነገር በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አጥንቶ እንደጻፈበትም ነገረችኝ። እውቀቱ ብዙም አልጠቀመኝ ይሆናል፤ ግን ከእኔ በፊት አያት ቅድመ አያቶቼ ዘመን ላይ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የእኔን ዓይነት ሴቶች ታሪክ በጥሞና ማዳመጡ ደስ አለኝ።

በመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች ሁሉንም ልዘረግፍላት ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። «አሁን አትንገሪኝ» አለችኝ። ቅር አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ዝም በይ ስባል ኖሬ፣ ገንዘብ ከፍዬ ደግሞ ዝም ልበል? በኋላ ነው የገባኝ። እግሩ መሬት ያልያዘ ሰው ትዝታውን ሲጎረጉር የሚያገኘው ፈውስ ሳይሆን ሌላ መውጫ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ለወራት ያወራነው ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ፣ ማን ቁልፌን እንደያዘ፣ ማን ቤቴ መግባት እንደሚችል ነው። መጀመሪያ ደህንነት፣ ትዝታው ከዚያ በኋላ፣ አዲሱ ኑሮ ደግሞ ከዚያ ቀጥሎ። ዲሶሲዬሽንን ለብቻው የሚያጠፋ ክኒን የለም፤ አብሮት ለሚመጣው ድብርት፣ ጭንቀትና የእንቅልፍ ችግር ግን መድኃኒት ይረዳል፤ እኔም ለተወሰነ ጊዜ ወስጃለሁ።

«ዓይንሽን ጨፍነሽ በረጅሙ ተንፍሺ» የሚለው ምክር ለሁሉም አይሆንም። እኔ ዓይኔን ከጨፈንኩ በቃ ሄድኩ። የሚመልሰኝ ዓይን መክፈት ነው፤ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ክሮች ጮክ ብዬ እጠራለሁ። ወይን ጠጅ፣ ውሃ ሰማያዊ፣ ቡና ዓይነት፣ ብርቱካናማ። ጓደኛዬ መጀመሪያ ክር የጠፋብኝ መስሏት አብራ ትፈልግልኝ ነበር። የነጠላዬ ጫፍ ላይ ጤና አዳም ቋጥሬ እይዛለሁ፤ ሽታው ስል ስለሆነ ቶሎ ይመልሳል። ሌላው የቤቴ ቁልፍ ነው። ጥርሱን መዳፌ ላይ ጫን አድርጌ «ይሄ ቁልፍ የእኔ ነው፤ ከውጭ የሚቆልፍብኝ ሰው የለም» እላለሁ። ዓመተ ምሕረቱንም እጨምርበታለሁ፤ ያቺ ልጅ ዓመቱን አታውቀውም።

በርበሬውስ? ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጾም ሊፈታ ሲል ከአንዱ ቤት ያልወጣ የበርበሬ ሽታ ከሌላው ቤት ይወጣል። ከባለቤቴ ጋር ቤት እንቀይር ሁሉ ተባብለናል። በመጨረሻ ጎረቤቴን ሄጄ አነጋገርኳቸው።

«እማማ፣ በርበሬ የሚያምሱ ቀን ቀደም ብለው ቢነግሩኝ?»

«ውይ ልጄ፣ አስም አለብሽ እንዴ?»

«እንደሱ ይበሉት።»

አሁን ከማመሳቸው በፊት በሬን ያንኳኩና «ልጄ፣ ውጪ» ይሉኛል፤ ልጄን ይዤ ሱቅ እወርዳለሁ። ምክንያቱን ነግሬያቸው አላውቅም። ሰው እንዲረዳችሁ ታሪካችሁን ሁሉ መክፈል የለባችሁም፤ አስም ይበቃል።

መጻፉን የጀመርኩት ዘግየት ብዬ ነው። ስለ ማድቤቱ በአፌ ለመናገር ስሞክር ምላሴ ይተሳሰራል፤ ከዚያ ለቀጠሮው ቀሪ ሰዓት የለሁም። ባለሙያዋ አንድ ቀን «አንቺ አላየሽ ይሆናል፤ ከላይ የነበረችው ግን አይታለች። ለምን እሷ አትናገርም?» አለችኝ። ደብተር ገዛሁ። እንደ ልብ ወለድ ጻፍኩት፤ አሸዋ ሜዳ ያለች፣ ሌላ ስም ያላት፣ ከእኔ አንድ ዓመት የምታንስ ልጅ። እኔ ተራኪ ነኝ፣ ጣሪያ ላይ ነኝ። ስሸሽበት የኖርኩት ከፍታ ለመጻፍ እንዴት እንደተመቸኝ ልነግራችሁ አልችልም። የፍሙን ቀለም፣ የቀሚሷን አበባ፣ በሩ ሥር የሚታየውን የእትዬን ጫማ፣ ሁሉንም አውቀው ነበር። አካሌ የረሳውን እሷ አስቀምጣልኛለች።

እንዲሁ ተነስቼ አልጻፍኩም፣ ወግ ነበረው። ቀን ቀን ብቻ፣ ሰው ባለበት፣ ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ሲቀዘቅዝ። የስልኬን ደወል እሞላለሁ፤ ሲጮህ ዓረፍተ ነገሩ መሀል ላይም ብሆን ብዕሬን አስቀምጣለሁ። ከዚያ ወዲያው እጅ የሚይዝ ሥራ፤ ቁልፍ መትከል፣ ዘምዘማ። ማታ ከጻፍኩ ግን ሌሊቱ የእሷ ነው።

ልብ ወለድ ስለሆነ ያልሆነውንም ጻፍኩ። ቦኖ ወረፋ ላይ አንዲት ሴትዮ ፈጠርኩ። የልጅቷን ክንድ አይታ ጀሪካኗን ወርውራ ቤቱ ድረስ የመጣች፣ ማድቤቱን በድንጋይ የከፈተች። በእውነቱ ማንም አልመጣም። ያንን ገጽ ስጽፍ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ፤ ስለተመታሁት ሳይሆን ስላልመጣው ሰው። ባለሙያዋ አንድ ነገር አጥብቃ አስጠነቀቀችኝ፤ የሆነውንና የፈጠርኩትን በሁለት ደብተር እንድለይ። ትዝታ ሲነካካ ይለወጣል፤ ሰው ሲገፋው ደግሞ ያልነበረ ነገር ሊጨምር ይችላል። ነገ ዘመድ ፊት ወይም ሕግ ፊት ብትቀርቡ የሆነውን ከምኞታችሁ ለይታችሁ ማወቅ አለባችሁ። «እንዲህ ያለ ምልክት ካለሽ እንዲህ ተደርገሽ መሆን አለበት» ብሎ እናንተ ያላላችሁትን የሚያስታውስላችሁ ሰው ከገጠማችሁ፣ ባለሙያም ይሁን አዋቂ ነኝ ባይ፣ ተነሥታችሁ ውጡ።

ሰው «ታዲያ እሷና አንቺ አንድ ሆናችሁ?» ይለኛል። በከፊል። አንዳንዱ ገጽ ላይ «ጉሮሮዋ» ብዬ ጀምሬ «ጉሮሮዬ» ብዬ ጨርሻለሁ፤ ያን ዕለት በእርግጥም ጉሮሮዬ ተቃጥሎ ውሃ ስጠጣ ዋልኩ። አንዳንዱ ገጽ ግን እስካሁን የእሷ ነው። ባለሙያዋም አታጣድፈኝም፣ እኔም አልቸኩልም። ዛሬ የምጠፋባቸው ጊዜያት አጭር ናቸው፤ ሲመጡም ብዙ ጊዜ አውቃቸዋለሁ። ጣፎ መውረድ ሲገባኝ ጣፎ እወርዳለሁ።

ስለ ይቅርታ የሚጠይቁኝ አሉ። አጎቴ ሲያርፍ ለቅሶ ሄጄ ነበር። አንዱ ዘመድ ጠጋ ብሎ «ያሳደገችሽ እናትሽ ናት፤ ጉልበቷን ስመሽ ታረቂ» አለኝ። ባለቤቴ አጠገቤ ነበር፣ ቁልፌን ይዤ ነበር። «ለጋሼ ነው የመጣሁት» አልኩና በሩ አጠገብ ተቀምጬ ሳልበላ ወጣሁ። የታረቀ ሰው ካለ እግዚአብሔር ይባርከው። እኔ ግን ለመዳን የግድ መታረቅ አለብሽ የሚለውን አልቀበልም። ሽምግልና ሲመጣ ሁልጊዜ የሚቸገረው የተመታው ሰው መሆኑ ያናድደኛል።

ሕጉንም ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት አካላዊ ቅጣት እንዳይደርስባቸው መብት ሰጥቷል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ደግሞ ልጅ በእጁ ያለ ሰው ቢያንገላታ፣ ከአቅሙ በላይ ቢያሠራው ወይም ቢደበድበው ያስቀጣል ይላል፤ ግን እዚያው ሥር «ለማነጽ» የሚደረገውን ተግሣጽ ያስተርፋል። እትዬም «እያነጽኳት ነው» ነበር የምትለው። ቢሆንም ጎረቤታችሁ ያለች ልጅ ክንዷ ላይ ምልክት ካያችሁ፣ ክፍል ውስጥ «ፈዛዛ» የተባለ ተማሪ ካላችሁ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት ማን ጋር እንደሚኖር ጠይቁ። ፖሊስ ጣቢያም ወረዳም የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚያይ ክፍል አለ።

አብራችሁን ለምትኖሩ ደግሞ፦ ስንጠፋ አትነቅንቁን፣ ውሃ አትድፉብን፣ በጥፊ አትምቱን። ክብሪት ጭራችሁ አታሽትቱን! እኔን በክብሪት ጭስ ሊመልሱኝ የሞከሩ ሁሉ ወደ ማድቤቱ ነው የመለሱኝ። ባለቤቴ ሳይነካኝ ፊት ለፊቴ ይቀመጥና በተራ ድምፅ «አባዶ ነን፤ ማክሰኞ ነው፤ ሽሮው ሊገነፍል ነው» ይለኛል። ስመለስ የት ሄደሽ ነበር ብሎ አይጠይቅም።

የት ልሂድ ለምትሉ፣ በአቅራቢያችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ ሪፈር ይጽፉላችኋል። የአእምሮ ሕክምና አማኑኤል ብቻ ነው ያለው የሚባለው የድሮ ወሬ ነው፤ የካ ኮተቤ፣ ጳውሎስ፣ ዘውዲቱ፣ ጥቁር አንበሳም አለ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ የሚመላለስባችሁ ከሆነ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ሰው ይዛችሁ ድንገተኛ ክፍል ግቡ። ስትሄዱ በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ፤ መቼ መቼ እንደምትጠፉ፣ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ከመጥፋታችሁ በፊት ምን እንደሰማችሁ ወይም እንዳሸተታችሁ፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ። ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ቃል ሊጠፋባችሁ ይችላልና። እኔ ወረቀቱን ሰጥቼ ዝም ነው ያልኩት። ባለሙያዋ አንብባ ስትጨርስ መጀመሪያ የጠየቀችኝ በሩ ይዘጋ ወይስ ክፍት ይሁን ብላ ነው። ኮሪደሩ ላይ ጫጫታው አይጣል ነበር፤ ቢሆንም ክፍት ይሁን አልኳት።